ባለቤቴና ወንድሜ በምርጫ ወሬ ተኳርፈው ቀሩ

ጥያቄ፦

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከባለቤቴ ጋር በዲቪ የመጣነው በ1998 ዓ.ም. ነው። እሱ መጀመሪያ ታክሲ ነዳ፣ አሁን ኡበር ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከእኛ በኋላ መጥቶ ቤዝመንታችን ውስጥ እየኖረ ነርሲንግ ተማረ፤ ዛሬ አግብቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ገዝቷል። ባለቤቴን ከመጣበት ቀን ጀምሮ «ጋሼ» እያለ በአንቱታ ነው የኖረው።

ጣጣው የጀመረው በ2024ቱ ምርጫ ሰሞን ነው። ባለቤቴ ቀን መኪና ውስጥ ሬዲዮ፣ ማታ ዩቲዩብና ፎክስ ነው። ወንድሜ ቤት ደግሞ ኤምኤስኤንቢሲ አይዘጋም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ቤት ቡና ላይ ባለቤቴ «የ2020ውን ድምፅ ሰርቀዋል፣ ዘንድሮም ይሰርቃሉ» አለ። ወንድሜ «ማስረጃዎት ምንድነው?» አለው። «እኔ ድምፅ ሲሰረቅ በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ» አለ። የምርጫ 97ን ማለቱ ነው፤ ያኔ አዲስ አበባ የምርጫ ታዛቢ ነበር። ይሄኔ ወንድሜ እንግዳ ፊት «አንተኮ ዩቲዩብ ያስተማረህ ሰው ነህ» ብሎት ቁጭ አለ። ባለቤቴ ስኒውን አስቀምጦ ተነስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም።

ባለቤቴ ዝም ብሎ የተነዳ ሰው አይደለም። ዜጋ ሆኖ መጀመሪያ ድምፅ የሰጠው በ2012 ለኦባማ ነው። ልቡ የሸፈተው በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ ሲያስወጣ ነው። ባለፈው ዓመት ትራምፕ የዓባይን ግድብ ገንዘብ የሰጠችው አሜሪካ ናት ሲሉ ደግሞ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ፣ የገዛውን የግድቡን ቦንድ ከመሳቢያ አውጥቶ ለልጁ አሳየ። በማግሥቱ ግን ያንኑ ጣቢያ ከፈተ! የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጄ «ሁሉም ይዋሻሉ፣ ምን ያስጨንቅሻል» ይለኛል።

አሁን ወንድሜ ሴት ልጅ ወልዷል። ክርስትናዋ የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። ባለቤቴ አልሄድም ብሏል። ወንድሜ የሚልክልኝን ሊንክ ሁሉ ወደ ባለቤቴ ስልክ እየላክሁ አሳይቼዋለሁ፤ ይብሱኑ ይናደዳል። እባክዎ ማንን እንመን? እርስዎስ የትኛውን ነው የሚከታተሉት? ሁለቱን ባገናኛቸው ልጄን ከቤት ላርቀው ወይ?

መሐል ላይ ያለሁት፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ሦስት ሳምንት አጭር ነውና ከክርስትናው ልጀምር። የቴሌቪዥኑ ነገር ይደርሳል።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ባለቤትዎን ከቡናው ያስነሳቸው ትራምፕም ባይደንም ሆኖ አላገኘሁትም። በቤታቸው ያኖሩት ልጅ እንግዳ ፊት መሃይም አደረጋቸው። በአበሻ ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ወንድምዎ ስለ 2020 የያዘው ነገር ትክክል ነው፤ እመለስበታለሁ። ትክክል መሆኑ ግን ከዚህ ዕዳ አያወጣውም።

ስለዚህ ወንድምዎ ይምጣ። በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ብቻውን ይምጣ፤ ሕፃን አቅፎ መምጣት ሰውየውን በግድ ማስታረቅ ነው። ሽማግሌ መላክም አልመክርም። በዚህ ዘመን ሽማግሌ ብለን የምንልካቸውም የየራሳቸው ጣቢያ አላቸው፤ እርቁን ትተው ክርክሩን ይቀጥሉታል። «ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» ይበልና ዝም ይበል። «ግን» ብሎ የሚጀምር ነገር ካስከተለ ባይመጣ ይሻለው ነበር። እርስዎም ከዛሬ ጀምሮ ሊንክ ማመላለሱን ይተዉ። ይቅርታው ሳይመጣ የሚመጣ ማስረጃ ሁሉ ለባለቤትዎ ሁለተኛ ስድብ ነው፤ ይባስ ብሎ በእርስዎ እጅ የመጣ ስድብ። ልጅዎን ደግሞ አያርቁት። ስድቡን ሰምቷል፣ ይቅርታውንም ይስማ።

አሁን ማንን እንመን ወዳሉኝ ልምጣ።

ባለቤትዎ «ድምፅ ሲሰረቅ በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ» ሲሉ ቀላል ነገር አልተናገሩም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ ሲሰለፍ ያዩ፣ ከዚያ ውጤቱ ሲጓተት፣ ከዚያ ተኩሱን፣ ከዚያ የተቃዋሚ መሪዎች ወህኒ ሲወርዱ ያዩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው አሜሪካ መጥቶ፣ ሌሊት ሲመራ ያደረ ተወዳዳሪ ከቀን በኋላ ሲቀደም ቢያይ ሌላ ምን ሊያስብ ኖሯል? ወንድምዎ ቁስሉን ሳያይ ነው የነካካው።

ሌላም ነገር አለ። በእሳቸው ዕድሜ ያለን ሰዎች ዜና መስማት የተማርነው በደርግ ጊዜ ነው። የአገር ውስጡ ሬዲዮ ለይስሙላ፣ ቪኦኤና የጀርመን ድምፅ ደግሞ መስኮት ተዘግቶ፣ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ። ከዚያ የወጣነው አንድ ትምህርት ይዘን ነው፤ አደባባይ የሚለፈፈው ውሸት፣ በሹክሹክታ የሚመጣው እውነት። ለዚያ ዘመን ነፍስ ያተረፈ ትምህርት ነው። እዚህ አገር ግን ሹክሹክታው ራሱ ትልቅ ንግድ ነው። «ሚዲያው የደበቀብዎትን እኔ ልንገርዎ» የሚለው ሰው ስቱዲዮ አለው፣ ስፖንሰር አለው፣ ጠበቃ አለው፤ ማታ ማታም ከብዙ ጋዜጣ አንባቢ የሚበልጥ ተመልካች አለው። መስኮት የዘጋ ግን የለም።

የአሜሪካ ምርጫ ደግሞ ለጥርጣሬ የተመቸ ነው። በእኛ አገር ውጤት የሚያውጀው ምርጫ ቦርድ ነው። ሰው ይመነውም አይመነውም ወደ ማን እንደሚጮህ ያውቃል። እዚህ እንዲህ ያለ አገራዊ መሥሪያ ቤት የለም። በምርጫው ሌሊት «እገሌ አሸነፈ» የሚሉት የዜና ድርጅቶች ናቸው። አሶሺየትድ ፕሬስ ከ1848 ጀምሮ ይህን ሲሠራ ኖሯል፤ ቁጥሩን ከየካውንቲው የምርጫ ጽሕፈት ቤት ይሰበስባል፣ የቀረው ድምፅ ተከታዩን ከመሪው ሊያስቀድም እንደማይችል ሲያረጋግጥ ያውጃል። ሕጋዊው ውጤት የሚመጣው ግን ግዛቶቹ ቆጥረው ሲፈርሙ፣ ከሳምንታት በኋላ ነው። ዲሴምበር ላይ የየግዛቱ ኤሌክተሮች (ፕሬዚዳንቱን በይፋ የሚመርጡት ወኪሎች) ድምፅ ይሰጣሉ፤ ኮንግረስ ጃንዋሪ 6 ይቆጥረዋል። እንግዲህ ጣቢያውን ያላመነ ሰው ምርጫውንም ባያምን ምን ይገርማል? ዜናውን የነገረው ያው የማያምነው ጣቢያ ነው።

ጣቢያዎቹ ደግሞ ተሳስተው ያውቃሉ። በ2000 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፍሎሪዳን ገና በምሽቱ ለአል ጎር ሰጡ፣ መልሰው ነጠቁ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲያልፍ ለቡሽ ሰጡ፣ እሱንም መልሰው ሳቡ። ነገሩ ፍርድ ቤት ገብቶ ከወር በላይ ቆየና ልዩነቱ 537 ድምፅ ሆኖ ተዘጋ። ያን ሌሊት የታዘበ ሰው ቴሌቪዥን ላይ የሚወጣን ቀለም አላምንም ቢል አልፈርድበትም።

2020ን ግን ቀስ ብለን እንየው፤ የባለቤትዎ ነገር ያለው እዚያ ነው።

በዚያ ዓመት ኮሮና ነበረና ሰው በፖስታ ድምፅ ሰጠ፤ በፖስታ የሰጡት ደግሞ በብዛት ዴሞክራቶች ነበሩ። የፔንሲልቬንያ ሕግ የፖስታ ድምፅ የምርጫው ዕለት ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሆን ፖስታው እንዳይከፈት ይከለክላል። ፍሎሪዳ ቀድማ ስለምታዘጋጅ በዚያው ሌሊት ጨረሰች። ፔንሲልቬንያ በሚሊዮን የሚቆጠር ፖስታ ከፊቷ ተከምሮ ነበር፤ የውጪው ፖስታ ላይ ያለውን ፊርማና ቀን ማየት፣ እሱን መክፈት፣ ከውስጥ ያለውን የሚስጥሩን ፖስታ መክፈት፣ ወረቀቱን ዘርግቶ ማሽን ውስጥ ማስገባት። በአካል የተሰጠው ቀድሞ ተቆጠረና ትራምፕ በመቶ ሺዎች መሩ፤ ፖስታው ሲከፈት ልዩነቱ እየሟሟ ሄዶ ባይደን ከ80 ሺህ በሚበልጥ ድምፅ አሸነፉ። ሁሉም ሰው ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ የፔንሲልቬንያ ምክር ቤት ሕጉን ቢለውጥ ኖሮ ያ ሁሉ ወሬ ግማሹ አይወለድም ነበር ባይ ነኝ።

ጆርጂያ ደግሞ ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጋውን ወረቀት በእጅ ቆጠረችው። ከዚያ በማሽን ደግማ ቆጠረችው። ባይደን በ11,779 ድምፅ ቀደሙ። ቆጠራውን የመራው የግዛቱ ባለሥልጣን ሪፐብሊካን ነው፣ ለትራምፕም ድምፅ የሰጠ ሰው ነው። የትራምፕ የራሳቸው ዋና ዓቃቤ ሕግ ዊልያም ባር ውጤቱን የሚለውጥ ማጭበርበር አላገኘንም አሉ። ከ60 የሚበልጡ ክሶች ፍርድ ቤት ሄደው ወደቁ፤ ከጣሉት ዳኞች መካከል ትራምፕ የሾሟቸው አሉበት። ባለቤትዎ በ97 ያዩት ከዚህ ጋር አይመሳሰልም። ያኔ ተሰረቅን ያሉት ወህኒ ወረዱ። እዚህ ተሰረቅን ያሉት ሰው ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ተረቱ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ያንኑ ምርጫ ተወዳድረው አሸነፉ። ባለቤትዎ ይህን ከእርስዎም ከወንድምዎም መስማት አይፈልጉ ይሆናል፤ እኔ ብነግራቸው ቅር አይለኝም።

አሪዞናም አለች። በምርጫው ሌሊት አሪዞናን ለባይደን ቀድሞ የሰጠው የትኛው ጣቢያ ይመስልዎታል? ፎክስ ነው። የትራምፕ ሰዎች ተቆጡ፣ ተመልካች ኮበለለ። ውሳኔው ግን በ10,457 ድምፅ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ጣቢያው የድምፅ መቁጠሪያ ማሽን የሚሠራው ዶሚኒየን ድምፅ ለውጧል የሚሉ እንግዶችን እያመጣ ማስወራት ጀመረ። ኩባንያው ሲከስ የአቅራቢዎቹ የስልክ መልእክት ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በአየር ላይ ያስተናገዱትን ወሬ እርስ በርሳቸው ሲሳለቁበት ነበር። ኤፕሪል 2023 ፎክስ 787.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ክሱን ዘጋ። እኔን ከገንዘቡ ይልቅ ያስገረመኝ መልእክቱ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ሲናገሩ ተመልካች አጡ፣ ደስ የሚለውን ሲናገሩ ተመልካች መለሱ።

ወንድምዎ እዚህ ላይ ሲደርስ ፈገግ ካለ ቆይ ይበሉት። እሱ የሚከፍተውም ጣቢያ (ስሙን ለውጧል መሰለኝ፣ እኔ በድሮው ስሙ ለምጄዋለሁ) ከዚህ ንግድ ውጪ አይደለም። ኦክቶበር 2020 ኒውዮርክ ፖስት ስለ ባይደን ልጅ ላፕቶፕ ሲጽፍ ትዊተር ሊንኩን ማንም እንዳያጋራው ዘጋ። ሃምሳ አንድ የቀድሞ የስለላ ሰዎች ነገሩ የሩሲያ እጅ ይመስላል ብለው ደብዳቤ ፈረሙ፤ ማስረጃ የለንም ማለታቸውን ግን ብዙ አቅራቢ ዘለለው። ከዓመት ተኩል በኋላ ኒውዮርክ ታይምስና ዋሺንግተን ፖስት ከላፕቶፑ የወጡ ኢሜይሎችን እውነተኛነት አረጋገጡ፤ በ2024 ደግሞ ላፕቶፑ የልጁ የወንጀል ችሎት ላይ በማስረጃነት ቀረበ። የባይደን ዕድሜ ነገርም እንዲሁ ነው። ጁን 27 ቀን 2024 አትላንታ ላይ ክርክሩን ያየ ሰው ሁሉ አየው፤ ከዚያ በፊት ግን ያንን የሚያነሳ ሰው የትራምፕ ደጋፊ እየተባለ ነው የከረመው። ባለቤትዎ «ይደብቁናል» ሲሉ ባዶ ሜዳ ላይ አይደለም የቆሙት።

ታዲያ ሁለቱም እኩል ናቸው ማለቴ ነው? አይደለም። ይህን «ሁለቱም ያው ነው» የሚባል ነገር አልወደውም፤ ሥራ የሚያስፈታ መልስ ነው። አንዱ ስህተት ቶሎ ይታረማል፣ አንዱ ሳይታረም ይኖራል፣ አንዱ እያወቁ የሚነገር ነው። መለየት ይቻላል፤ የሚለየው ግን ጣቢያ በጣቢያ ሳይሆን ወሬ በወሬ ነው።

ለዚህ መለኪያ ከሩቅ አላመጣልዎትም። በባለቤትዎ መሳቢያ ውስጥ አለ።

ትራምፕ ግድቡን አሜሪካ ናት በገንዘቧ የሠራችው ሲሉ ባለቤትዎ ምን አደረጉ? ፓርቲያቸውን አልቀየሩም። ሲኤንኤን ምን አለ ብለውም አልጠየቁም። ቦንዱን አወጡ። ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደወጣ የሚያውቁት ከራሳቸው ኪስ ስለወጣ ነው። ማን አየ፣ ወረቀቱ የት ነው፣ ብለው ነው የፈረዱት። ይኸው ነው። ያንን ለግድቡ የተጠቀሙበትን ጥያቄ ለፔንሲልቬንያም ለላፕቶፑም ይጠይቁበት። ወንድምዎም እንደዚሁ። አንድ ቀን ይቅርታው ከወረደ በኋላ፣ ወንድምዎ ባለቤትዎን ሊያስተምር ሳይሆን ሊጠይቅ ይቀመጥና «ጋሼ፣ ስለ ግድቡ ውሸት መሆኑን በምን አወቁ?» ይበላቸው። መልሱን ሰምቶ ዝም ይበል፤ እሳቸው ራሳቸው ይጨርሱታል።

ይህ ጥያቄ ወሬውን የት ድረስ እንደሚያወርደው አንድ ምሳሌ ላሳይዎት። ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ፊላዴልፊያ ላይ በተደረገው ክርክር ትራምፕ ስፕሪንግፊልድ፣ ኦሃዮ ውስጥ የሄይቲ ስደተኞች የሰው ውሻና ድመት ይበላሉ አሉ። ስልሳ ሰባት ሚሊዮን ሰው አየው። ማን አየ ተብሎ ሲፈለግ ምን ተገኘ? አንዲት ሴት ፌስቡክ ላይ የጻፈችው፤ የጎረቤቷ ልጅ ጓደኛ ድመት ጠፋች የሚል። ሴትዮዋ ራሷ ያየችው ነገር አልነበረም፤ በኋላም መጻፏን ተጸጽታበታለች። ሌላዋ ሴት ድመቴን ሄይቲዎቹ ወሰዱብኝ ብላ ለፖሊስ አመልክታ ነበር፤ ድመቷ ከቀናት በኋላ ከገዛ ቤቷ ቤዝመንት በሕይወት ወጣች። ሴትዮዋ በልጇና በስልክ የትርጉም መተግበሪያ እየተረዳች ጎረቤቶቿን ይቅርታ ጠየቀች። እስከዚያው የከተማዋ ትምህርት ቤቶች በቦምብ ማስፈራሪያ ተዘግተው ነበር። እነዚያ የሄይቲ ሰዎች እንደ እኛ ጥቁር ስደተኞች ናቸው፤ መጋዘንና ፋብሪካ የሚያድሩ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ። ክርክሩን ባስተናገደው ኤቢሲ ላይ ጋዜጠኞቹ ትራምፕን ደጋግመው አረሙ፣ ተፎካካሪያቸውን ሃሪስን አላረሙም የሚለው የባለቤትዎ ወገን ቅሬታ ሊነሳ የሚችል ቅሬታ ነው። ድመቷ ግን ሌላ ጉዳይ ናት። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ያሉት አባቶች ይህን ዓይነቱን ነው።

እኔ የምከታተለውን ጠይቀውኛል። የምርጫ ሌሊት ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍቼ የአሶሺየትድ ፕሬስን ቁጥር አያለሁ። በሌላው ቀን ዜናውን አነባለሁ እንጂ ማታ ማታ ተቀምጠው የሚቆጡትን አቅራቢዎች አልሰማም፤ የዚህኛውንም የዚያኛውንም። ጋዜጠኛና አስተያየት ሰጪ አንድ ጣቢያ ላይ፣ አንድ ዓይነት ክራቫት አድርገው ስለሚቀመጡ ሰው አይለያቸውም። ጋዜጠኛው ሲሳሳት ማረሚያ ያወጣል፤ ስሙ ተጠቅሶ፣ ስህተቱ ተጠቅሶ። ማረሚያ ሲያወጣ አይተውት የማያውቁትን ምንጭ ይጠርጥሩ። አልተሳሳተም ማለት አይደለም።

ከሁለቱም ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የእኛው ነው። ባለቤትዎ ማታ ዩቲዩብ ያያሉ ብለዋል፤ የአማርኛውንም መሆኑን እገምታለሁ። «ሰበር ዜና» በቀይ፣ የትራምፕ ፎቶ ጣት እንደቀሰሩ፣ ከጎን ጥያቄ ምልክት። ሰውዬው ከአንድ የእንግሊዝኛ ገጽ ርዕሱን ብቻ ያነባል፣ ከዚያ ሃያ ደቂቃ ስለ ሌላ ነገር ያወራል፣ ርዕሱ ላይ ያለው ነገር ሳይመጣ ሰብስክራይብ አድርጉ ብሎ ይለያል። የቲክቶክ ላይቩማ ከዚህ የባሰ ነው፤ ስጦታ በተላከ ቁጥር ወሬው ይቀየራል። ገበያ ቅቤ ስንገዛ አሽትተን፣ ከየት አገር እንደመጣ ጠይቀን፣ ጥፍራችን ላይ ቀምሰን ነው። ለፕሬዚዳንት ምርጫ ወሬ ይህንን እንኳ አናደርግም። ፎክስ ቢዋሽ የሚከሰው ኩባንያ አለ፤ የአማርኛውን ማን ይከሰዋል?

ልጅዎ ግን ከባለቤትዎም ከወንድምዎም በላይ አስጨንቆኛል። «ሁሉም ይዋሻሉ» የሚለው መልስ ብልህ ያስመስላል፤ ብቻውንም አይደለም። ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት ድርጅት በ1976 ሲጠይቅ ከመቶ ሰባ ሁለት አሜሪካዊ ሚዲያውን አምነዋለሁ ብሎ ነበር፤ በ2025 ሲጠይቅ ሃያ ስምንት ብቻ ቀረ። ግን ሁሉም ይዋሻል ያለ ሰው ምንም አያምንም ማለት አይደለም፤ ደስ ያለውን ያምናል፣ ማታ ስልኩ ላይ የደረሰውን ያምናል። አባቱ ሲያምኑ ቢያንስ ቦንድ ያወጣሉ። እሱ ምን ያወጣል?

ስለዚህ ለሦስቱም አንድ ሥራ አለኝ፣ ክርስትናው ካለፈ በኋላ። ቨርጂኒያ ከ2017 ጀምሮ ድምፅ የሚሰጠው በወረቀት ነው፤ ወረቀቱ በስካነር ያልፋል፣ ማታ አንድ ሰዓት በሩ ሲዘጋ ከማሽኑ ረጅም ወረቀት ይታተማል፣ እዚያ የዋሉት ሠራተኞች ፈርመው ይልኩታል። ሠራተኞቹ እንደ እርስዎና እንደ ባለቤትዎ ያሉ ተራ መራጮች ናቸው፤ ከሁለቱም ፓርቲ እንዲመጣጠኑ ተደርገው ይመደባሉ፣ ሥልጠና ይሰጣቸዋል፣ የቀን አበል ይከፈላቸዋል። በየምርጫው ሰው ይጎድላል። ባለቤትዎ በ97 ታዛቢ የነበሩ ሰው ናቸው፤ እስካሁን የአሜሪካውን ሣጥን ከውጭ ብቻ ማየታቸው ገረመኝ። ማመልከቻው ላይ ሪፐብሊካን ነኝ ብለው ይሙሉ፣ ያ ወንበር የተዘጋጀው ለዚያ ነው። ወንድምዎም ሜሪላንድ ውስጥ እንዲሁ ማመልከት ይችላል። ቨርጂኒያ አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት የሞላቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችንም በምርጫ ጣቢያ ረዳትነት ትቀበላለች፤ ልጅዎ ከመራጭነት በፊት ቆጠራውን ከውስጥ ሊያይ ይችላል ማለት ነው። ቀኑ ረጅም ነው፤ በሩ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ይከፈታል፣ ሠራተኛ ከዚያ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይገባል። ማመልከቻው ከአካባቢያችሁ የምርጫ ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ ይገኛል፤ ባለቤትዎ ለኮምፒዩተር ትዕግሥት ከሌላቸው ልጅዎ ይሙላላቸው፣ የራሱንም አብሮ ይላክ።